«ኳሷን ነክቷል» ማለት ይበቃልን?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ቢሮ አሠራርና ስለ ባለጉዳይ መጉላላት ብዙ ተጽፎ አንብበናል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ስለ እግር ኳስ ነው። ርእሱ የሚያንስባቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሰኞ ጠዋት በየመሥሪያ ቤቱ ከፋይል በፊት የሚከፈተው ክርክር ምን እንደ ሆነ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ቡድኖች ሲጫወቱ ዳኛው ቀይ ካርድ አውጥቶ እንደ ሆነ፣ ሰኞ ዕለት ያ ካርድ በሻይ ሰዓት እንደ ገና ይመረመራል፤ ይግባኝ ይባልበታል፤ ብዙ ጊዜም ፍርዱ ይሻራል።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። አንደኛው ወገን፣ «ሕጉ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበቀ ሄዶ ተከላካይ ሰው መንካት ተከለከለ፤ ሸርተቴ ወርዶ ኳስ መንጠቅ ጥበብ መሆኑ ቀርቶ ወንጀል ሆነ፤ ጨዋታው ወኔውን አጣ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «የሰው እግር ከዋንጫ ይበልጣል» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ ከወገኖቼ ጋር በሁሉም ነገር አልስማማም፤ የማልስማማበትንም ምክንያት ከዚህ በታች እገልጻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ፣ «ወኔ ጠፋ» የሚለው ለቅሶ አዲስ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በ1863 ዓ.ም. የለንደን ክለቦች ተወካዮች ፍሪሜሰንስ ታቨርን በሚባል ቤት ተሰብስበው የዛሬውን የእግር ኳስ ሕግ መሠረት ሲጥሉ፣ አብዝቶ ያከራከራቸው አንድ ጥያቄ ነበረ፤ ይኸውም ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ተጫዋች ቅልጥሙን መምታት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚል ነው። ብላክሂዝ የተባለው ክለብ ተወካይ ቅልጥም መምታት ከተከለከለ ጀግንነት ከጨዋታው ይወጣል ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። ብዙኃኑ ግን አልተቀበሉትም፤ የቅልጥም ምት ከሕጉ ተሰረዘ፤ ብላክሂዝም ማኅበሩን ትቶ ወጣ። አስገራሚው ነገር ወዲህ ነው። ብላክሂዝና መሰሎቹ በ1871 ዓ.ም. የራግቢን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ እነርሱም በበኩላቸው የቅልጥም ምትን ከለከሉ። ለካ ጀግንነት የተባለው ነገር ስምንት ዓመት እንኳ አልቆየም። ዛሬ እኛ በሻይ ሰዓት የምንሰማው ክርክር የዚያው የብላክሂዝ ክርክር ነው፤ የተለወጠው ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው።

ሕጉ የጠበቀውም ከወንበር ላይ በመነጨ ርኅራኄ አይደለም፤ የተሰበረ አጥንት እያስገደደው ነው። በ1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፔሌ መጀመሪያ በቡልጋሪያ፣ ኋላም በፖርቱጋል ተከላካዮች እየተደበደበ ተጫወተ። በፖርቱጋሉ ጨዋታ ሞራይስ የተባለው ተከላካይ በአንድ ሩጫ ሁለት ጊዜ መታው፤ ዳኛው ከሜዳ አላስወጣውም። በዚያን ጊዜ ተቀያሪ ተጫዋች ማስገባት ስላልተፈቀደ የዓለም ታላቁ ተጫዋች እያነከሰ ሜዳ ላይ ቆየ፤ ብራዚልም ከውድድሩ ወጣች። ከዚያ በኋላ በ1970 ዓ.ም. በሜክሲኮ ተቀያሪ ተፈቀደ፤ ቢጫና ቀይ ካርድም ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ተያዘ። ካርዱን ያሰበው እንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን የትራፊክ መብራት አይቶ እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ በሜክሲኮው ውድድር አንድም ሰው በቀይ አልወጣም፤ ካርዱ በዳኛው ኪስ መኖሩ ብቻ ብዙ እግር አዳነ ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ማራዶናንም እናስታውስ። በ1983 ዓ.ም. መስከረም ወር የአትሌቲክ ቢልባኦው ጎይኮኤቼያ ከኋላ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱን ሰበረው፤ ማራዶና ከሦስት ወር በላይ ከሜዳ ራቀ። ሰባሪው ያን ዕለት ያጠለቀውን ጫማ በመስተዋት ሣጥን አድርጎ በቤቱ ማስቀመጡ በሰፊው ተነግሯል። ጫማን እንደ ግዳይ መስቀል! በእኛ አገር ግዳይ የሚሰቀለው አንበሳ ለገደለ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የሆላንዱ ማርኮ ቫን ባስተን ነው። በ1988፣ በ1989 እና በ1992 ዓ.ም. የወርቅ ኳስ ሽልማት የተቀበለ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ እየተጎዳ፣ ደጋግሞም ቀዶ ሕክምና እየተደረገለት የመጨረሻ ጨዋታውን በ1993 ዓ.ም. ሲጫወት ገና የ28 ዓመት ሰው ነበረ። ሁለት ዓመት ሲታከም ቆይቶ በ1995 ዓ.ም. በቃኝ አለ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እስከ 60 ዓመት በወንበራችን ተቀምጠን ጡረታችንን እንጠብቃለን። የኳስ ተጫዋች መሥሪያ ቤት ግን ሳይጎዳ እንኳ በ35 ዓመቱ ገደማ ይዘጋል። እግሩ ለእርሱ ለገበሬ ጥንድ በሬ እንደ ማለት ነው። የገበሬን በሬ ያረደ ሰው «ከብቱን ስቀማው ሳልስተው አልቀረሁም፤ ገመዱን በትክክል ይዤ ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል?

እንግዲህ ወደ ሕጉ እንምጣ። የሕግ አውጪው ቦርድ በ1998 ዓ.ም. ከኋላ መጥቶ የተጋጣሚን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ሸርተቴ በቀይ ካርድ ይቀጣ ብሎ ወሰነ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ «ከኋላ» የሚለውን ቃል አወጣው፤ ከኋላም ይምጣ ከፊት ወይም ከጎን፣ አደጋ ላይ ከጣለ አደጋ ላይ ጥሏል ማለት ነው። ዛሬ ዳኛው ሦስት ደረጃ ይለያል። በጥንቃቄ ጉድለት የተሠራ ጥፋት ቅጣት ምት ብቻ ያስከትላል። በግድየለሽነት፣ ማለት ለሌላው የሚመጣውን አደጋ ሳያስብ የገባ ሰው ቢጫ ያያል። ከመጠን ያለፈ ኃይል የተጠቀመ ይወጣል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ «ኳሷን መጀመሪያ ነክቷል» የሚል ነጻ የሚያወጣ ቃል የለም። በሜዳም በቴሌቪዥን ፊትም በብዛት የምንሰማው መከላከያ ግን ይኸው ነው። ጫማውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ሁለት እግሩን አጣምሮ፣ እንደ ተወረወረ ድንጋይ የመጣ ሰው በመንገዱ ኳሷን ጫር ስላደረጋት ብቻ ከኋላዋ ያለው ቅልጥም የእርሱ ጉዳይ አይደለምን? አንድ ሹፌር በፒያሳ ቁልቁለት በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየበረረ ወርዶ፣ ቆሞ በተገኘበት ቦታ መንገዱ የእርሱ መሆኑን ቢያስረዳ ትራፊክ ፖሊሱ ይለቀዋልን? ማንንም ባይገጭ እንኳ አይለቀውም። የሚጠየቀው ስለ አነዳዱ ነውና።

ይህ ሐሳብ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ካሉ፣ በኦሪት ዘጸአት ስለ ወጊ በሬ የተደነገገውን ያንብቡ። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ በሬው ወጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳያስረው የቀረ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ ተጠያቂ ይሆናል። በሁለቱም ጉዳይ የሞተው ሰው ሞቷል፤ ፍርዱን የለየው አደጋው ሳይሆን አደጋው እንደሚመጣ እያወቁ መተው ነው።

አሁን ከወገኖቼ ጋር ወደምለያይበት ደረስኩ። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ የተሰበረ እግር ባዩ ቁጥር «ቀይ!» ብለው ይጮኻሉ። ይህም ስሕተት ነው። በኖቬምበር 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ኤቨርተንና ቶተንሃም ሲጫወቱ ኮሪያዊው ሶን ሁንግ ሚን ከኋላ ተንሸራቶ አንድሬ ጎሜሽን ጠለፈው። ጎሜሽ ሲወድቅ ከሌላው የቶተንሃም ተጫዋች ከኦሪዬ ጋር ተጋጭቶ ቁርጭምጭሚቱ ክፉኛ ተሰበረ። ዳኛው መጀመሪያ ቢጫ ካርድ አወጡ፤ የእግሩን ሁኔታ ካዩ በኋላ ግን ወደ ቀይ ለወጡት። ሶን ራሱን ይዞ እያለቀሰ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የእንግሊዝ ማኅበር ይግባኙን ተቀብሎ ቀዩን ካርድ ሻረው፤ ጎሜሽም በየካቲት ወር ወደ ሜዳ ተመለሰ። እኔ ካርዱ በመሻሩ ደስ ብሎኛል። ጥፋቱ እግሩ ከመታየቱ በፊት የቢጫ ጥፋት ከነበረ፣ እግሩ ከታየ በኋላም የቢጫ ጥፋት ነው። እንባና ደም አይቶ የሚፈርድ ዳኛ ሩኅሩኅ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ፈራጅ ግን አይደለም። በአንጻሩም ዘሎ የገባውና ተጋጣሚው በዕድል ብቻ የተረፈለት ሰው፣ «ምን ሆነ? ተነሥቶ እየሮጠ አይደለም እንዴ?» ሲባልለት ስሰማ እገረማለሁ። እርሱ ይውጣ፤ ሶን ይቅር። በሻይ ሰዓቱ ክርክር ግን ሁልጊዜ የሚፈረደው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሌላው የምቀበለው አቤቱታ በቪዲዮ ስለሚታገዘው ዳኝነት ነው። ይህ አሠራር በ2018 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ እያንዳንዱ ንክኪ በዝግታ እየተደጋገመ ይታያል። በዝግታ ሲታይ ደግሞ የሰው ትከሻ መታ ማድረግ እንኳ ግድያ ይመስላል፤ እግሩ ለመመለስ ጊዜ የነበረው ይመስላል። በእውነቱ ግን ነገሩ ሁሉ ከዐይን ጥቅሻ የፈጠነ ነበር። የአሠራሩ መመሪያ ራሱ ይህን አውቆታል፤ ዝግታው ንክኪው የት እንዳረፈ ለማወቅ፣ የምቱ ኃይል ግን በተለመደው ፍጥነት እንዲታይ ያዛል። ዳኞቹ ይህን መመሪያ በትክክል ቢጠብቁት ከተከላካዮች ጩኸት ግማሹ ይቀር ነበር። በዚህ ነገር የሚጮኹትን አልቃወምም።

«ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይህን ጥበቃ አይፈልጉትም» የሚልም አለ። በአሜሪካ የሚጫወቱት፣ ከእኛው ጋር ስሙ ብቻ አንድ የሆነውና ኳሱ በእጅ የሚያዘው እግር ኳስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በማርች 2024 ዓ.ም. የክለቦቹ ባለቤቶች፣ የሚሮጠውን ሰው ከኋላ ወይም ከጎን አቅፎ፣ ራስን አዙሮ፣ በወገብ ክብደት በእግሩ ላይ መውደቅን ከለከሉ፤ ቅጣቱም 15 ያርድ ሆነ። የተቃወመው ማን ነበር? የተጫዋቾቹ ማኅበር! ዳኛው በዚያ ፍጥነት ሊለየው አይችልም፤ ተከላካዩም ግራ ይጋባል አሉ። ይህን አቤቱታ መናቅ አይገባም፤ ሕግን ለሚመለከተው ሰው በሚገባ ሳያስረዱ ማውጣት በእኛም ቢሮ የታወቀ በሽታ ነው። ነገር ግን ተቃውሞው ሕጉ እንዴት ይፈጸም የሚለውን እንጂ፣ እግር ይሰበር ወይስ አይሰበር የሚለውን አይመለከትም።

ጨዋታው ሞተ ለሚሉትም ጥቂት ቁጥር አቀርባለሁ። ጥብቁ ሕግ በወጣበት በ1998 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ በ64 ጨዋታዎች 171 ጎል ተቆጠረ፤ በ2022 ዓ.ም. በካታር በዚያው 64 ጨዋታ 172 ጎል ተቆጠረ። በ2006 ዓ.ም. በጀርመን 28 ሰው በቀይ ወጥቶ ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. 4፣ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ 4 ብቻ ወጡ። (ከነዚህ አንዱ ካሜሩናዊው አቡበከር በብራዚል ላይ ጎል አግብቶ ማሊያውን በማውለቁ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ነው የወጣው፤ ዳኛውም ፈገግ ብለው እጁን ጨብጠው አሰናበቱት።) ቁጥር ሁሉን ነገር አያስረዳም፤ ቢሆንም ተጫዋች ሕግ አይማርም የሚለውን ለማስተባበል ይበቃል።

ደግሞስ ሸርተቴን ማን ከለከለ? በዚያው በ1970ው የዓለም ዋንጫ እንግሊዛዊው ቦቢ ሙር ከጃየርዚኞ እግር ሥር ኳሷን እንዴት እንዳወጣት ያላየ ካለ ፈልጎ ይመልከት። ጃየርዚኞ በሙሉ ፍጥነት ወደ ጎል ሲመጣ ሙር አልተጣደፈም፤ እየተከተለ ጠበቀ፤ ጊዜው ሲደርስ እግሩን ዘርግቶ ኳሷን ብቻ ወሰደ፤ ተነሥቶም ይዟት ሄደ። የዛሬ ሕግ ይህን አይቀጣም። የሚቀጣው ቀድሞ ማየት ያልቻለው፣ ዘግይቶ የደረሰውና መዘግየቱን በሌላው ሰው አጥንት ሊያካክስ የሚፈልገው ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ለንደንና ስለ ሚላን ሀብታሞች ተጨንቄ አይደለም። እነርሱ ሐኪም አላቸው፤ የመድን ዋስትና አላቸው። እኔ የማስበው እሑድ ያዩትን ሰኞ በጠጠር ሜዳ ላይ የሚደግሙትን ልጆች ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር የክፍሌ ተማሪ የሆነ የ16 ዓመት ልጅ ኳስ ይዞ ሲሄድ ከኋላ በሸርተቴ ተመታ። ኳሷ በእርግጥ ቀድማ ተነክታ ነበር፤ ከእርሷ ጋር ግን ቅልጥሙም ሄደ። ዳኛው ፊሽካ አልነፋም። ከመስመሩ ዳር የቆሙ ትልልቅ ሰዎች «ጎሽ! የወንድ ልጅ!» ብለው አጨበጨቡ። ለውድድሩ ዋንጫ ተገዝቶ ነበር፤ የመስክ ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነበር፤ ማሰሪያ ጨርቅና የሚያደርስ መኪና ግን አልነበረም። ልጁን ሁለት ጓደኞቹ በትከሻቸው ተሸክመው ለሰፈር ወጌሻ ሰጡት፤ ወጌሻው ለመደዳው የእግር መጣመም እንጂ ለተሰበረ አጥንት አይሆንም ነበር። ሆስፒታል የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። የዚያን ዓመት ፈተና አልተቀመጠም፤ ዛሬም ያነክሳል። አባቱ ዘበኛ ነበሩ፤ ለሕክምናው የተበደሩትን ገንዘብ ከፍለው ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

የመታውም ልጅ ክፉ ልጅ አልነበረም። ከኋላ ገብቶ ማውረድ ጥፋት መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ተጨብጭቦለታል።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የስፖርት መምህራን ውድድር ከመጀመሩ አንድ ሳምንት አስቀድሞ እነዚያን ሦስት ደረጃዎች፣ የጥንቃቄ ጉድለትን፣ ግድየለሽነትንና ከመጠን ያለፈ ኃይልን፣ ለልጆቹ በምሳሌ ያስረዱ። ሣር በሌለው ሜዳ ላይ በሚደረግ የተማሪዎች ጨዋታ ከኋላ ሸርተቴ መውረድ ጨርሶ እንዲከለከል አዘጋጆች አስቀድመው ይወስኑ፤ ለውድድር አዘጋጅ የራሱን ደንብ ከማጥበቅ የሚያግደው የለም። ዋንጫ ለመግዛት የተዋጣው ገንዘብ ከሚበቃው በላይ ከሆነ ትንሽ ዋንጫ ተገዝቶ በተረፈው ማሰሪያ፣ የእንጨት መደገፊያና የታክሲ ኪራይ ይያዝበት።

በየመሥሪያ ቤታችሁ ቡድን አምበል ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ላሳስብ። ሆድ ያወጣን፣ ጉልበታችን የላላ፣ ቤት ልጆች የሚጠብቁን ሰዎች ነን፤ ሰኞ ሁላችንም ሥራ አለብን። ሳንቲም ከመወርወሩ በፊት ወደ ዳኛው ጠጋ ብላችሁ፣ የተጋጣሚያችሁ አምበል እየሰማ፣ «ጌታዬ፣ ከኋላ የመጣ ሸርተቴ ኳሷን ቢነካና ሰውየውንም ቢጥል ምን ይፈርዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሁለታችሁም ለየቡድናችሁ ንገሩ፤ ከዚያ ይጀመር።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ